ከጠረጴዛው ጀምሩ

በባሕር ዳር ለምትማሩ ልጆቼ፣

የእንግሊዝኛ ቃላትን የግሪክና የላቲን ሥር እናጥና ብላችሁ 500 ሥር የተደረደረበት ዝርዝር ገልብጣችሁ ከሆነ ለጊዜው አስቀምጡት። የተሸመደደ ነገር ፈተናው ሲያልፍ አብሮ ያልፋል። አስቀድማችሁ በአፋችሁ ያለውን ቁጠሩ።

ጠረጴዛ ግሪክኛ ነው፤ ትራፔዛ፣ «ባለ አራት እግር»። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ የሚያስቸግራችሁ ትራፒዚየም «ትንሽ ጠረጴዛ» ማለት ነው። መነኩሴ የመጣው ከሞናኮስ ነው፤ ሞኖስ «ብቻ» ነው፣ በሞኖፖሊ ውስጥ ያለውም እሱው። ስሞቻችንማ ሀብት ናቸው። ጊዮርጊስ «ገበሬ» ነው፦ ጌ መሬት፣ ኤርጎን ሥራ። ጂኦግራፊና ጂኦሎጂ ከዚያው መሬት በቀሉ። ጴጥሮስ ዐለት ነው፤ ኦሌዩም የሚለውን የላቲን «ዘይት» ጨምሩበት፣ ፔትሮሊየም፣ «የዐለት ዘይት» ይወጣችኋል። ፊልጶስ ደግሞ «ፈረስ ወዳድ»። ፊልጶስ ውስጥ ያለው ሂፖስ፣ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ግድም ብቅ በሚለው ጉማሬ የእንግሊዝኛ ስም ውስጥም አለ፦ ሂፖፖታመስ፣ «የወንዝ ፈረስ»። ፈረስ ያሰኘው ምኑ እንደሆነ ጉማሬ ያየ ይፍረድ።

ቃል ስትፈቱ ከጅራቱ ተነሡ። ጅራቱ የቃሉን ዓይነት፣ ራሱ አቅጣጫውን፣ ወገቡ ፍሬ ነገሩን ይነግራችኋል። ፕሪስክሪፕሽን፦ መጨረሻው ስም መሆኑን ያሳያል፣ ፕሪ «አስቀድሞ»፣ ስክሪፕት «የተጻፈ»። የጣና ገዳማት የክብራንና የዳጋ የብራና መጻሕፍት ማኑስክሪፕት የሚባሉት ማኑስ «እጅ» ስለሆነ ነው። ግእዝ ጸሐፊ፣ ጽሕፈት፣ መጽሐፍ እያለ ሥሩን ከውስጥም ይለዋውጣል፤ ላቲን ግን በአብዛኛው ከፊትና ከኋላ ይቀጥላል። ስለዚህ መገጣጠሚያውን ማግኘት አይከብድም።

መገጣጠሚያው ላይ ግን ብዙዎቻችሁ ነጥብ ትጥላላችሁ። ፊደላችን መጥበቅን አይጽፍም፤ «አለ» ጠበቀም ላላም አጻጻፉ አንድ ነው። ይህ ልማድ ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር ኢሊጋል አንድ ኤል ይጎድለዋል። ምክንያቱን የያዘ አይረሳውም፦ «አይደለም» የሚለው ኢን ከኤል ፊት ሲቆም ኤኗ ራሷ ኤል ትሆናለች፤ ከአር ፊት አር ትሆናለች፣ ኢሬጉላር፤ ከፒ ፊት ኤም፣ ኢምፖሲብል። አኮሞዴት ሁለት ሲና ሁለት ኤም ያለው አድ እና ኮም ተደራርበውበት ነው፤ የአድ ዲ ወደ ሲ ተለወጠች፣ የኮም ኤም ደግሞ ከሞዱስ ኤም ጋር ገጠመች።

መልክ ያሳስታል። ፔዳል ውስጥ ያለው ፔድ የላቲን «እግር» ነው፤ ፔዲያትሪክስ ግን ከግሪኩ «ልጅ» መጥቶ የሕፃናት ሕክምና ሆነ። በነዳጅ ቦቴ ላይ ኢንፍላመብል የሚል ብታዩ «አይቀጣጠልም» ማለት አይደለም፤ ይቀጣጠላል። እዚህ ኢን «ወደ ውስጥ» ነው። ጤና ለምታጠኑ ከሁሉም የሚከፋው ሃይፖ «በታች» እና ሃይፐር «በላይ» ነው። ሃይፖግላይሴሚያ የደም ስኳር ማነስ ነው፤ ሃይፐር ብሎ ተሳስቶ ለዚያ በሽተኛ ኢንሱሊን የሚሰጥ፣ የወረደውን ስኳር ይብስ አውርዶ ሕይወት ያሳጣል።

የሚጣፍጥ ታሪክም ይፈተሽ። ሳላሪ፣ ደመወዝ፣ ከላቲኑ «ጨው» ጋር ዝምድና አለው። የሮም ወታደሮች በጨው ይከፈሉ ነበር ለሚለው ግን ከዘመኑ የተገኘ ግልጽ ማስረጃ የለም። አሞሌን የምናውቅ እኛ ታሪኩን ቶሎ ብናምን አይፈረድብንም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በሳምንት 3 ሥር፣ ለእያንዳንዱ አንድ ገጽ። ሥሩን ከነትርጉሙ ከላይ ጻፉ፤ ከሥሩ የተገኙ 5 ቃላት በየመስመሩ ይግቡ፣ ከየቃሉ ጎን ቀጥተኛ ፍቺውና የዛሬ ትርጉሙ በአማርኛ ይስፈር። የቃል መነሻ በሚሰጥ መዝገበ ቃላት ሳታጣሩ አንዱንም አታስገቡ። የገጹን ግርጌ ለአስመሳዮች፣ ዘመድ መስለው ከሥሩ ላልመጡ ቃላት፣ ተዉት። ለምሳሌ የኢንሱላ፣ «ደሴት»፣ ገጽ ላይ ፔኒንሱላ፣ «ባሕረ ገብ መሬት»፣ ይገባል፤ ፔኔ «ሊሆን ጥቂት የቀረው» ነውና ዘጌን ልክ ይገልጻታል። አይላንድ ግን ግርጌ ይውረድ። ትርጉሙ ደሴት ቢሆንም ከላቲን ሳይሆን ከጥንታዊው እንግሊዝኛ የመጣ ነው፤ የማትነበበዋ ኤስም «ደሴት» ከሚለው ሌላ ቃል፣ ከአይል፣ ጋር አዛምደው ኋላ ላይ የሰኩበት ናት።