ከማጠባችሁ በፊት

ልጆቼ፣ ደሴ ላይ ጥርስ ስነቅልና ስሞላ ነው ያረጀሁት። ዛሬ ግን የምጽፍላችሁ ስለ ምራቅ ነው።

ከዓመታት በፊት አንዲት ወጣት ክንዷን ተነክሳ መጣች። የጥርሶቹ ምልክት እንደ ሁለት ግማሽ ጨረቃ ፊት ለፊት ተቀምጧል። ሰውየውን በጨለማ አላየችውም። አዘንኩላትና ቶሎ ብዬ በሳሙና አጠብኩት፣ በአልኮል ጠረግኩት። ለካ አብሬ ያጠብኩት የሰውየውን ማንነት ነው። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሰው ሲነክስ ምራቁ ቆዳ ላይ ይቀራል። ምራቅ ከ100 እጁ 99ኙ ውሃ ነው። ግን ከአፍ ውስጥ የተላጡ ሴሎች አብረውት ይወጣሉ። የአንዱን ሰው ማንነት ከሌላው የሚለየው ዲኤንኤ ያለው እነሱ ውስጥ ነው።

እኛ ወሎ ሽማግሌ ሲመርቅ እንትፍ እንትፍ ይላል፤ ልጅ ሆኜ ፊቴ ላይ ያረፈው እርጥበት አሁንም ትዝ ይለኛል። ምራቅ ንቀን አላደግንም። ሥራ ላይም አንናቀው።

ጓንት አድርጉ። ንክሻውን አጠገቡ ማስመሪያ አስቀምጣችሁ ፎቶ አንሱ። ከዚያ አንዱን ጥጥ በስቴራይል (ከጀርም በጸዳ) ውሃ አርሱና ቦታው ላይ ቀስ አድርጋችሁ አሽከርክሩት። ወዲያው በሌላ ደረቅ ጥጥ ያንኑ ቦታ ድገሙት። የመጀመሪያው የደረቀውን ምራቅ ያርሰዋል፣ ሁለተኛው የቀረውን ይለቅማል። ሁለቱንም አየር ላይ አድርቋቸው። ፌስታል ውስጥ እንዳትከቱ! እርጥበቱ ይታፈንና ባክቴሪያ ዲኤንኤውን ያበላሸዋል። የወረቀት ፖስታ ይበቃል። አሽጉት፣ ቀንና ሰዓት ጻፉበት፣ ማን ለማን እንዳስረከበም ይመዝገብ።

የጥርሱን ቅርጽ ብቻ አይታችሁ ግን "እሱ ነው" እንዳትሉ። ቆዳ ሰም አይደለም፤ ይለጠጣል፣ ያብጣል። አሜሪካ አሪዞና ውስጥ ሬይ ክሮን የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1992 ጥርሱ ከንክሻው ጋር ገጥሟል ተብሎ በግድያ ጥፋተኛ ተባለ፣ ሞትም ተፈረደበት። በ2002 የሟቿ ልብስ ላይ የነበረው ምራቅ ሲመረመር ዲኤንኤው የሌላ ሰው ሆኖ ተገኘ። ከ10 ዓመት በላይ በከንቱ ታስሯል። የፈረደበት የእኛው ሙያ ነው፣ ነፃ ያወጣው ምራቅ። ይህን ሳስብ እጄ ይከብደኛል።

ናሙናው ከተወሰደ በኋላ ቁስሉን በደንብ እጠቡ፤ የሰው ንክሻ ቶሎ ያመረቅዛል። ከሁሉ በፊት ግን የተነከሰችውን ሴት ፈቃድ ጠይቁ። እጇን ከሰበሰበች አትጎትቷት። አጠገቧ ተቀመጡና "አብሽሪ እህቴ፣ ትንሽ ደቂቃ ነው፣ ከዚያ እናጥብልሻለን" በሏት።