ሚልክዊዴ ላይ እንቁላል አጣሁ ላልሽው እህት

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ሲልቨር ስፕሪንግ ግቢሽ ውስጥ ሚልክዊድ (የሞናርክ ቢራቢሮ ትል የሚበላው ወተታም ተክል) ተክለሻል፣ ልጅሽ የሞናርክ ቢራቢሮ እንቁላልና ትል ካላየሁ ብላ ቁም ስቅልሽን አሳይታሻለች፣ አንቺ ግን አንድም አላገኘሽም። እኔም እዚሁ ሜሪላንድ ነኝ፣ በዚህ ነገር ስለተቃጠልኩ ስሚኝ።

1. ከላይ ከላይ እያየሽ ይመስለኛል። ቅጠሉን ገልብጪው። እናትየው እንቁላሏን የምትጥለው አብዛኛውን ጊዜ ከስር በኩል ነው፣ ያውም ጫፍ ላይ ባለው ለጋ ቅጠል። አንድ አንድ እያደረገች ነው የምትጥለው። ከነጭ ጤፍ ፍሬ ብዙም አይበልጥም። ስልክሽን ዙም አድርጊና እዪው፤ ከላይ ወደ ታች የወረዱ ስስ መስመሮች ካሉት እሱ ነው። ከሌሉት የደረቀ የተክሉ ወተት ነው። ብዙ ሆኖ አንድ ላይ ከተደረደረ የሌላ ነፍሳት እንቁላል ነው። ግንዱ ላይ የሚርመሰመሰው ቢጫ ነገር ደግሞ ክሽክሽ የሚባል ትንሽ ተባይ ነው፤ ተናደሽ መርዝ እንዳትነፊበት፣ ትሉንም አብሮ ይጨርሰዋል።

2. እንቁላሉ በ4 ቀን ገደማ ይፈለፈላል። ገና የወጣው ትል ለዓይን አይሞላም፣ ስለዚህ እሱን ትተሽ የበላውን ፈልጊ። ቅጠሉ ላይ ክብ ቀዳዳ፣ ከታች ባለው ቅጠል ላይ ጥቁር አረንጓዴ ኩስ ካየሽ እዚያው አካባቢ አለ። ሲያድግ ቢጫ፣ ነጭና ጥቁር ዝንጉርጉር ይሆናል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ 5 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። አባጨጓሬ ነው ብለሽ አትሽሺ፤ ጸጉር የለውም፣ አይለበልብም። እንስላልሽ ላይ የሚመሳሰል ትል ብታዪ ግን ሞናርክ እንዳይመስልሽ፣ የሞናርክ ትል ከሚልክዊድ ሌላ አይበላም። በነገራችን ላይ ሚልክዊድ አገር ቤት ቆላ ያለው የጦቢያ ዘመድ ነው። ወተቱ ዓይን ይጎዳል፣ የልጅቷን እጅ ቶሎ አስታጥቢ።

3. ዋናው ይሄ ነው፤ ተክሉን ከሚያጭዱት ጠብቂው። የኛ ሰፈር ኤችኦኤ (የቤት ባለቤቶች ማኅበሩ) «አረምዎን ያስወግዱ» የሚል ደብዳቤ ላከልኝ። ደወልኩ፣ አረም አይደለም፣ የቢራቢሮ ምግብ ነው ብዬ ለማስረዳት ሞከርኩ። ሴትዮዋ «አረም አረም ነው» ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው! ከዚያ እኔ ሥራ ላይ እያለሁ አጫጆቹ መጥተው ከሥሩ ላጩት። ኦገስት ላይ፣ ትሎቹ ወፍረው ባሉበት ሰዓት። ማታ ክምሩን በእጄ ስበረብር አንዱ ትል የጠወለገ ቅጠል ላይ ሆኖ አሁንም ይበላል፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። የተረፉትን ለቅሜ ጎረቤት ግቢ ያለው ሚልክዊድ ላይ አስቀመጥኳቸው።

እልህ ያዘኝ። ሕጉን ፈልጌ አገኘሁት። ሜሪላንድ በ2021 ባወጣችው ሕግ ኤችኦኤ ለንብና ለቢራቢሮ ተብሎ የተተከለ ግቢን ያለ አግባብ መከልከል አይችልም፤ ከዚያው ዓመት ኦክቶበር 1 ጀምሮ ይሠራል። መነሻው እዚሁ ሜሪላንድ ኮሎምቢያ ከተማ የሚኖሩ ባልና ሚስት በግቢያቸው ምክንያት ከኤችኦኤያቸው ጋር የተካሰሱት ክስ ነው። ይህን ጠቅሼ ጻፍኩላቸው፣ ከዚያ ወዲህ ድምፃቸው ጠፋ። ይቅርታ እንኳን የለም። ወርሃዊ ክፍያ ብታዘገዪ ግን ስልኩን ያጣድፉታል። ሕጉ ግን ተክሉን ተንከባከቡ ስለሚል ዝም ብለሽ አትልቀቂው። ዙሪያውን ድንጋይ ደርድሪ፣ «የቢራቢሮ አትክልት» የሚል ምልክት ትከዪ፣ ፎቶ አንስተሽ ያዢ።

ጁላይ ላይ አጣሁ ብለሽ ደግሞ ተስፋ አትቁረጪ፤ እኛ ጋ ትሉ ደህና የሚበዛው ኦገስት ላይ ነው። ከነዚያ ትሎች የሚወጡት ቢራቢሮዎች ናቸው እስከ ሜክሲኮ የሚበሩት። ደብዳቤ ከመጣብሽ በውስጥ ጻፊልኝ፣ እኔ የላክሁትን መልስ እሰጥሻለሁ፤ ስምና አድራሻ ብቻ ቀይረሽ ላኪላቸው።