መልስ፦ በወር ክፍያ የሚላክ የእራት ዕቅድ ለቤተሰብ ይጠቅማል?

እህቴ፣ በየወሩ እየከፈሉ የሳምንቱን የእራት ዝርዝር ከነአስቤዛው በስልክ የሚቀበሉበት አገልግሎት ለአምስት ሰው ቤተሰብ ይጠቅም እንደሆነ ጠይቀዋል። እኛ እዚህ ጎንደር ለሁለት ወራት ሞክረነዋል፤ ጠቅሞናል፣ ነገር ግን የጠቀመን እንደ ቤታችን ልማድ ካስተካከልነው በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ዝርዝር ለረቡዕ ዶሮ፣ ለዓርብ ደግሞ እርጎ የገባበት ምግብ ይዞ መጣ፤ በየሳምንቱ ሁለት ቀን፣ በዐቢይ ጾምም 55 ቀን ለሚጾም ቤት ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም። የጾሙን ቀናት ለይቼ ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት እንዲቀሩ ከመረጥሁ ወዲህ ግን ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመንና ድንች እየተፈራረቁ ይመጣሉ።

እንጀራን ዕቅዱ ፈጽሞ አያስበውም። የጤፍ ሊጥ እስኪቦካ 3 ቀን ያህል ስለሚፈልግ፣ ማክሰኞ ለምጋግረው ቅዳሜ ማቡካት እንዳለብኝ ራሴ ከዝርዝሩ ጎን እጽፋለሁ። ዝርዝሩም ዓርብ ማታ እንዲደርሰኝ አድርጌያለሁ፤ በማግስቱ ቅዳሜ ገበያ ስወርድ የሳምንቱን ሽንኩርትና ምስር በአንድ ጊዜ እገዛለሁ፣ በየቀኑ ከሱቅ በትንሽ በትንሹ መግዛቱም ቀርቶልኛል።

ስለዚህ የዓመቱን አይክፈሉ፤ የአንድ ወሩን ከፍለው፣ የጾም ቀናትን መለየት እንደሚያስችል አስቀድመው ይጠይቁ። ለእኔ ከሁሉ የበለጠው ጥቅም ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ «ዛሬ ምን ልሥራ?» ከሚል ጭንቀት መገላገሌ ነው።