ሥራዬን ልልቀቅና ኪቦርድ ብቻ ልጫወት?

ጥያቄ፦ የ26 ዓመት ወጣት ነኝ። ቀን የሒሳብ ሠራተኛ፣ ማታ ኪቦርድ ተጫዋች። ጥር ላይ በሰርግ ያገኘሁት ከደመወዜ በለጠ። መሥሪያ ቤቱን ለቅቄ ጠቅልዬ ሙዚቃ ውስጥ ብገባስ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዓመቱን በጥር ገቢ አትለካው። ጥር ሲያልፍ ሁዳዴ ይመጣል፤ 55 ቀን የኦርቶዶክስ ሰርግ የለም፣ ብዙው የምሽት ቤትም ይቀዘቅዛል፣ የቤት ኪራይ ግን አይጾምም። መልቀቂያ ከማስገባትህ በፊት አንዱን ሁዳዴ ደመወዝህን ሳትነካ በሙዚቃ ገቢ ብቻ ኖረህ እየው።

እስከዚያው የሚጠራህ ሰው አብዛ። ሥራው የሚመጣው በትውውቅ ነው። አመሻሽ ላይ ስልክ ይደወላል፣ «ኪቦርዲስታችን ታሟል፣ ቶሎ ድረስልን» ይሉሃል፤ ያኔ ዘፋኟ ከቅኝቶቹ ትዝታም ትበል ባቲ፣ አምባሰልም ትበል አንቺሆዬ፣ በመጣችበት ድምፅ ያለ ልምምድ ልትከተላት ነው። (የኪቦርዱን ድምፅ በራሱ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ትራንስፖዝ ቁልፍ ላይ ብቻ የሚንጠለጠል ተጫዋች፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያናድደኛል።)

ቀብድ ሳትቀበል ቀን አትያዝ፣ የሙሽራው አጎት «እኛ ዘመድ አይደለን እንዴ» ቢሉህም። ሽልማቱ እንዴት እንደሚከፋፈል ከባንዱ ጋር መድረክ ሳትወጡ ጨርሱ፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ጠብ ነው።

ስቱዲዮ ስትገባ ስምምነቱ በወረቀት ይሁን። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ዘፋኙን ብቻ ሳይሆን ተጫዋቹንም ያውቃል፣ በቃል የተባለን ነገር ግን ማስረዳት መከራ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ሁለት ሦስት ልጆች አስተምር። ወላጆች በጾምም ይከፍላሉ።