ማድለቢያ ልንከፍት ነው፤ ኀጢአት ይሆንብኛል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንዴት ሰነበቱ? የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። ከአጎቶቼ ልጆች ጋር ገንዘብ አዋጥተን ከብት ማድለቢያ ልንከፍት ነው። በ20 ሰንጋ ጀምረን ቀስ በቀስ 300 ለማድረስ አስበናል። ሰሞኑን ጓደኛዬ የውጭ አገር ማድለቢያ በስልኩ አሳየኝ። ከብቱ ዓይን እስከሚያደርስ ድረስ ጭቃ ላይ ቆሟል፤ አንዲት ሣር የለም። ሆዴን ባር ባር አለኝ። «የዓለምን አየር የሚያበላሸውም ይኸው ነው» አለኝ ጓደኛዬ። የአጎቶቼ ልጆች ግን «ምድርን ግዙአት ተብለን የለም እንዴ? ለከብት ማሰብ ምን የሚሉት ነው?» ይሉኛል። ኀጢአት ይሆንብኛል? እንዲህ የደለበ ሥጋ መብላትስ? ደግሞ እኔ ጾም አላጎድልም፤ እሱ አይበቃም?

መልስ፦ ሰላመ እግዚአብሔር ካንተ ጋር ይሁን ወንድሜ። ብሩ ሳይወጣ መጠየቅህ ደስ ብሎኛል። ብዙ ሰው የሚጠይቀን ብድሩ ከተወሰደ፣ ከብቱ ከታሰረ በኋላ ነው።

ቀላሉን ላስቀድም። ሥጋ መብላት ኀጢአት አይደለም። ማድለብም አይደለም። አብርሃም በመምሬ ለመጡበት እንግዶች ለግላጋ ጥጃ አሳርዷል። ጌታችንም ስለ ጠፋው ልጅ ሲያስተምር፣ አባትየው የሰባውን ፊሪዳ አምጥታችሁ እረዱ እንዳለ ነግሮናል። የሰባ ፊሪዳ ያለ አድላቢ አይገኝም። በዚህ በኩል ልብህ ይረፍ።

የአጎቶችህ ልጆች የጠቀሱት ጥቅስ ግን ከመሀል ተቆርጧል። ዘፍጥረት 1፥28 ላይ «ግዙአት» ይላል፣ እውነት ነው። ሁለት ቁጥር ወረድ ሲሉ ግን እግዚአብሔር ለምድር አራዊትም ለምለሙን ሣር መብል አድርጎ እንደ ሰጣቸው ይናገራል። ገዢውንም ተገዢውንም በአንድ ማዕድ ነው ያስቀመጣቸው። ምዕራፍ 2፥15 ላይ ደግሞ አዳም በገነት የኖረው ሊያበጃትና ሊጠብቃት ነው። የተሰጠን ሹመት ነው፤ ሹም ደግሞ ሒሳብ ያስረክባል።

ሕጉም በዚሁ መንገድ ነው የሚሄደው። በሬ ሲያበራይ አፉን አትሰር ይላል። በሰባተኛው ቀን በሬህና አህያህ ይረፉ ይላል። የጠላትህ አህያ ጭነት ከብዶት ወድቆ ብታየው እንኳ አልፈህ አትሂድ ይላል። በምሳሌ 12፥10 «ጻድቅ ሰው ለእንስሳው ነፍስ ይራራል» ተብሎ ተጽፏል።

ነነዌን አስብ። በየዓመቱ ሦስት ቀን እንጾማለን። በዚያ ጾም ከብቱም በጉም ከሰው ጋር እንዳልበሉና እንዳልጠጡ ብዙዎቻችን ልብ አንለውም። መጽሐፈ ዮናስ የሚያልቀው ደግሞ እግዚአብሔር ለዮናስ በመለሰለት ቃል ነው። ለከተማይቱ የራራበትን ምክንያት ሲናገር ቀኝና ግራቸውን የማይለዩትን ሰዎች ያነሣል፤ ከዚያም «ብዙ እንስሶች» ይጨምራል። እግዚአብሔር ከተማይቱን ሲምር ከብቱንም ቆጥሮታል። ዳዊትም «ሰብአ ወእንስሳ ታድኅን እግዚኦ»፣ አቤቱ ሰውንና እንስሳን ታድናለህ ብሎ ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ ጠርቷቸዋል። ስለዚህ «ለከብት ማሰብ ምን የሚሉት ነው» ለሚልህ መልሱ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ጓደኛህ ቪዲዮ እንምጣ። ያሳየህ ነገር አለ። በአሜሪካ በአንድ ግቢ ከ100,000 በላይ ከብት የሚይዙ ማድለቢያዎች አሉ። ከብቱ የመጨረሻዎቹን ወራት በቆሎና ሌላ እህል እየበላ ያሳልፋል። የከብት ሆድ የተሠራው ለሣር ነው። እህል በብዛት፣ በተለይ በድንገት ሲሰጠው ሆዱ ውስጥ አሲድ ይበዛል። ይነፋል፣ ኮቴው ይታመማል፣ አንዳንዱም ይሞታል። ብዙ ከብት ተጠጋግቶ ሲኖር በሽታም ይዛመታል። ለዚህም፣ ቶሎ እንዲያድግም ሲባል፣ አንቲባዮቲክ ከመኖ ጋር መስጠት ለብዙ ዓመት የተለመደ ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ለማሳደጊያ መስጠቱን እ.ኤ.አ. በ2006 ከለከለ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ መድኃኒቱን የለመዱ ጀርሞች ተመልሰው ሰውን ያሳምማሉ፣ ያኔ የሕፃን ልጅህን የሳንባ ምች የሚያድነው መድኃኒት አይሠራም።

ስለ አየሩም ጓደኛህ ከሜዳ ተነሥቶ አልተናገረም። ከብት የበላውን ሲያመሰኳ፣ ሆዱ ውስጥ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ሣሩን ያብላላሉ። ከዚያ ሚቴን የሚባል ጋዝ ይወጣል፤ አብዛኛው በግሳት በአፉ ነው የሚወጣው። ይህ ጋዝ በ100 ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ25 እጥፍ በላይ ሙቀት ያምቃል። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ግምት፣ ሰው ከሚያስወጣው ምድርን አሙቂ ጋዝ 14.5 በመቶው ከእንስሳት እርባታ ነው። ከዚያ ውስጥ ሁለት ሦስተኛ የሚጠጋው ከዳልጋ ከብት ነው። በብራዚል የአማዞን ደን ከሚመነጠርበት ምክንያት ዋናው የከብት ግጦሽ ነው። በዓለም ላይ ከሚመረተው እህል አንድ ሦስተኛ ያህሉ ሰው ሳይሆን እንስሳ ይበላዋል። ይህን የሚያህል እህል ለመኖ ሲሄድ ርቦት የሚያድር ሕዝብ መኖሩ ያሳዝነኛል። ዝም ብዬ ላልፈው አልችልም።

ግን ፍርዱን በልኩ እናድርገው። አሜሪካዊ በዓመት በነፍስ ወከፍ ከ100 ኪሎ በላይ ሥጋ ይበላል። የእኛ 10 ኪሎም አይሞላም። ቅርጫ ገብቶ በዓመት ሦስት ጊዜ ሥጋ ለሚቀምስ የጎንደር ቤተሰብ «ዓለምን አጠፋህ» ማለት ግፍ ነው። በሌላ በኩል የእኛ ልማድ ንጹሕ ነው ማለትም አይደለም። ኢትዮጵያ 70 ሚሊዮን ገደማ ከብት አላት፤ በአፍሪካ አንደኛ ነን። የከሳች ላም ዐሥር ዓመት ኖራ ትንሽ ወተት ስትሰጥ፣ ለእያንዳንዱ ሊትር የምታወጣው ጋዝ በደንብ ከምትመገበው ይበልጣል። ልቅ ግጦሽም ምን እንዳደረገ ከኛው ሰሜን ተራሮች መማር ይቻላል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ዝርዝር ገባ፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ግጦሽና እርሻ የዋልያውን ቦታ መሻማቱ ነበር። ከዝርዝሩ የወጣው በ2017 ነው። ስለዚህ በደንብ የተያዘ ማድለቢያ ከልቅ ግጦሽ የሚሻልበት ጊዜ አለ። እንዲህ ስልህ ሥራህን እንድትፈራው አይደለም፤ እንድታየው ነው።

እኔ በአንተ ጉዳይ ከሁሉ የሚያሳስበኝ 300 ያልከው ቁጥር ነው። አንድ ሰንጋ በቀን ከ10 ኪሎ በላይ እበት ይጥላል። 300 ሰንጋ ማለት በየቀኑ ከ3 ቶን በላይ ነው። ሽንቱ ሳይቆጠር። ክረምት ሲገባ ያ ሁሉ የት ይሄዳል? የአንገረብና የቀሃ ውሃ ወደ መገጭ ይወርዳል፣ መገጭ ወደ ጣና። የጣና ሰሜን ዳርቻ በእምቦጭ ምን እንደሆነ የደንቢያን ገበሬና ዓሣ አጥማጅ ጠይቅ። እምቦጭ የሚፋፋው ከማዳበሪያ፣ ከከተማ ፍሳሽና ከእበት ታጥቦ በሚገባ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ነው። ከግቢህ የወጣው እዚያ ጀልባ ያቆማል፣ መረብ ይበጥሳል።

ውሃውንም አስላ። ደረቅ መኖ የሚበላ ሰንጋ በቀን 30 ሊትር ገደማ ይጠጣል። ለ300 ከብት በቀን 9,000 ሊትር ነው። የአንገረብ ግድብ በደለል ተጨንቋል። የጎንደር ሰው ውሃ በፈረቃ ነው የሚያገኘው፤ እናቶች ጀሪካን ይዘው ሌሊት ይነሣሉ። ጎረቤትህ ቧንቧው ሲደርቅ አንተ ከየት ታመጣለህ? «ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ» የሚለው ትእዛዝ ማድለቢያ በር ላይ አይቆምም፤ ይገባል።

ሁለት ግቢ አይቻለሁ፣ ልንገርህ። አንደኛው ውስጥ ሰንጋዎቹ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው እበት ውስጥ ቆመዋል። ገመዱ ከማጠሩ የተነሣ መተኛት የሚፈልገው በሬ አንገቱ ይንጠለጠላል። ዓይናቸው ሥር የዝንብ መንጋ አለ። ሌላኛው ግቢ ወለሉ ድንጋይ ነው፣ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፣ ሽንቱ ወደ ጉድጓድ ይወርዳል። ጭድ ተነጥፏል። እኩለ ቀን ላይ ከብቱ ሁሉ ጋደም ብሎ ያመሰኳል። የሚጠብቀው ልጅ እያንዳንዱን በስም ይጠራል፤ ቦራ፣ ዳማ፣ ጉራች። ሁለቱም ከብቱን ለዚያው ገበያ፣ ለዚያው ቢላዋ ነው የሚያዘጋጁት። በእግዚአብሔር ፊት ግን አንድ አይደሉም።

እንግዲህ የምመክርህ ይህን ነው። ቁጥሩን ከእበቱና ከውሃው ጋር አስተካክል፤ መጀመሪያ ጉድጓዱን፣ ከዚያ ከብቱን። እበቱን ባዮጋዝ ብታደርገው ሚቴኑ ይነድልሃል፣ የተረፈውን ገበሬ ለማሳው ከአንተ ይገዛል። መኖውን ሰው ከማይበላው አድርግ። የኑግ ፋጉሎ አለ፣ ፍሩሽካ አለ፣ ከቢራ የሚተርፍ ብቅል አለ፣ ጭድ አለ። ለሰው እንጀራ የሚሆን እህል ለከብት አትስጥ። የሻገተ ፋጉሎ ርካሽ ነው ብለህ አትግዛ፤ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ይይዛል። መኖውን ቀስ በቀስ ቀይር። መድኃኒት ያለ እንስሳት ሐኪም አትውጋ፤ ከተወጋ በኋላም ሐኪሙ የሚነግርህ የጥበቃ ቀን ሳያልቅ ለእርድ አትሽጥ። የገዛህ ሰው ወንድምህ ነው።

ለሚዛን ብሎ ጨው አብልቶ ውሃ የሚያጠጣ ነጋዴ ካገኘህ አትከተለው። አባይ ሚዛን በእግዚአብሔር ፊት አስጸያፊ ነው፤ በከብት ሆድ ውስጥ ቢደበቅም ያው አባይ ሚዛን ነው። ከብቱን የሚጠብቀውን ልጅ ደመወዝም አታዘግይ። ይህን ያዕቆብ በመልእክቱ 5፥4 በጠንካራ ቃል ተናግሮታል።

ማጓጓዙን ደግሞ አደራ። ከቆላ የሚመጣ ከብት አይሱዙ ላይ ተፋፍጎ፣ ጅራቱ እየተጠመዘዘ፣ ሳይጠጣ ሲመጣ ሁላችንም መንገድ ላይ አይተናል። አባታችን ያዕቆብ ኤሳው «አብረን እንሂድ» ሲለው ምን ብሎ መለሰ? ግልገሎቹና ላሞቹ አንድ ቀን በብርቱ ቢነዱ ያልቃሉ፣ እኔ በእነሱ እርምጃ ቀስ እያልኩ እመጣለሁ አለው። ከወንድሙ ጋር መሄዱን ትቶ በከብቱ እርምጃ ሄደ። ይህ ዘፍጥረት 33 ላይ አለ፤ ከአጎቶችህ ልጆች ጋር አንብበው።

ስለ ጾም ያነሣኸው ጥሩ ነው፣ ግን እዚህ ላይ ጠንከር ልበልህ። ምእመን በዓመት 180 ቀን ያህል ይጾማል። ይህ ለከብቱም ለምድሩም ዕረፍት እንደሆነ አምናለሁ። ነገር ግን ጾም የነፍስ ሥራ ነው፤ ለአየር ንብረት ተብሎ አልተሠራም፣ በጾም ቀን የተረፈ ሥጋም ለፋሲካ የሚሰበሰብ ዕዳ አይደለም። 55 ቀን ጾመን በትንሣኤ ዋዜማ ገበያውን ስናጨናንቅ፣ ያ ሁሉ ጥድፊያ፣ ያ ሁሉ ዱላና መፋፈግ የሚመጣው ከኛ ከጿሚዎቹ ፍላጎት ነው። አድላቢውን ብቻ መውቀስ አይገባም። ጌታ ሲነሣ በዱላ የተመታ በሬ ሥጋ ከፊታችን ቢቀርብ ደስታችን ምን ዓይነት ነው? በቅርጫ ሦስት ኪሎ ከሚበቃህ ስድስት አትውሰድ፤ ለጎረቤት ድሃ ካልሆነ በቀር።

እንዲህ የደለበ ሥጋ መብላትን በተመለከተ ቅዱስ ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 10፥25 በሥጋ ገበያ የሚሸጠውን ከኅሊና የተነሣ ሳትመረምሩ ብሉ ይላል። ማዕድ ላይ ቀርቦልህ «ይህ በሬ እንዴት ነው ያደገው?» ብለህ ጋባዥህን አታሳፍር። በስመ አብ ብለህ ብላ። ቅዱሱ ግን ይህን ለበላተኛው ነው የተናገረው። አንተ አሁን የምትቀመጠው ከአቅራቢው ወገን ነው፤ ላንተ አለመመርመር አልተፈቀደም።

የአጎቶችህ ልጆች 300ውን ካልተዉ ጠብ አታንሣ። ተያይዛችሁ ወደ ንስሐ አባታችሁ ሂዱ። ከዚያ በፊት ግን መሬቱን ሳትከራዩ፣ በመጀመሪያው ዝናብ ማግስት አብራችሁ ሄዳችሁ ውሃው ከግቢው ወዴት እንደሚወርድ እዩ። ከታች የማን ማሳ፣ የማን ጉድጓድ እንዳለ ጠይቁ። ከብቱ ስንት ይሁን የሚለውን እዚያው ላይ ወስኑ።