የሜይንፍሬም ደንብ በአማርኛ ሲጻፍ፦ «የለበትም»፣ ኮማና ሌሎች ወጥመዶች

ጥያቄ፦ ዜድኦኤስ (z/OS) በሚባለው ሥርዓተ ክወና በሚንቀሳቀስ ሜይንፍሬም (ትልቅ የድርጅት ኮምፒውተር) ላይ ለሚሠሩ ባልደረቦቻችን የአማርኛ መመሪያ እያዘጋጀን ነው። ስለ አይኢኤሲስ (IEASYS) ሜምበር፣ ማለትም ሥርዓቱ ሲነሣ የሚያነባቸው ፓራሜትሮች (የቅንብር ምርጫዎች) ስለሚዘረዘሩበት ፋይል አጻጻፍ፣ «ፓራሜትሩ በዓምድ 1 መጀመር የለበትም» ብለን ብንጽፍ፣ አንዳንዶቹ ዓምድ 1 (የመስመሩ የመጀመሪያ ፊደል ቦታ) ክልክል ነው ብለው ተረዱት። እኛ ግን ከዓምድ 1 ባይጀምርም ችግር የለውም ለማለት ነበር። ጥፋቱ የማን ነው? የቀሩትንስ ደንቦች እንዴት እንጻፋቸው?

መልስ፦ አንባቢዎቻችሁ ትክክል ናቸው። «መጀመር አለበት» ግዴታ ነው፤ «መጀመር የለበትም» ሲባል ግን ግዴታው አይነሳም፣ ክልከላ ይመጣል። «የግድ መጀመር የለበትም» ቢባል ይላላል፤ ሲናገሩት በድምፅ ይለያል፣ በጽሑፍ ግን ያቺን አንዲት ቃል ዘልሎ የሚያልፍ ዓይን አይጠፋም። ስለዚህ በመመሪያ ውስጥ «የለበትም»ን ጨርሶ ባትጠቀሙበት እመርጣለሁ። ግዴታውን «አለበት»፣ ክልከላውን «አይፈቀድም»፣ ነፃ የሆነውን ደግሞ «ቢሆንም ባይሆንም» በሚለው አነጋገር ጻፉት። የእናንተ ዓረፍተ ነገር እንዲህ ይስተካከላል፦ «ፓራሜትሩ ከዓምድ 1 ቢጀምርም፣ ባዶ ቦታ ቢቀድመውም ሥርዓቱ ይቀበለዋል።» በጄሲኤል (JCL፣ ለማሽኑ ሥራ በሚታዘዝበት ቋንቋ) ግን ነገሩ ሌላ ነው። ዓምድ 1 እና 2 በሁለት እዝባር (//) ስለሚያዙ ለትእዛዙ የሚሰጠው ስም ከዓምድ 3 መጀመር አለበት፤ እዚያ «አለበት» በቦታው ነው።

ከዚህ የከፋው ወጥመድ ኮማው ላይ ነው። በአማርኛ ጽሕፈት ከነጠላ ሰረዝ በኋላ ባዶ ቦታ መተው ልማድ ነው፤ እጃችን ለምዶታል። አይኢኤሲስ ውስጥ ግን ኮማን ባዶ ቦታ ሲከተለው «ዝርዝሩ በሚቀጥለው መስመር ይቀጥላል» ማለት ነው፤ በዚያው መስመር ከባዶው ቦታ በኋላ ያለው ሁሉ እንደ ማስታወሻ ይቆጠራል። ትክክለኛው አጻጻፍ ይህ ነው፦

ሲኤምዲ=(00,01),ክሎክ=00

(ስሞቹን በፊደላችን የጻፍኳቸው ለንባብ ነው፤ ማሽኑ ላይ የሚገቡት በላቲን ካፒታል ብቻ ነው።) ከቅንፉ ቀጥሎ ካለው ኮማ በኋላ አንድ ባዶ ቦታ ብትጨምሩ የክሎክ ምርጫችሁ ማስታወሻ ሆኖ ይቀራል፣ ሥርዓቱም አያየውም። ስለዚህ ደንቡን «ፓራሜትሮች በኮማ ይለያሉ» ብላችሁ አትተዉት። «ይለያሉ» ራሱ «ልዩነት አላቸው» ተብሎም ይነበባል፤ ስለ ባዶው ቦታም ምንም አይናገርም። ይልቅ «በሁለት ፓራሜትሮች መካከል አንድ ኮማ ብቻ ያስገቡ፤ ከኮማው በኋላ ባዶ ቦታ መተው የሚፈቀደው ዝርዝሩ ወደ ቀጣዩ መስመር ሲያልፍ ብቻ ነው» በሉ። ምልክቱንም «ነጠላ ሰረዝ» ሳይሆን «ኮማ» ብላችሁ ጥሩት። ነጠላ ሰረዝ ፣ ነው፤ ማሽኑ የሚያውቀው , ነው።

ሦስተኛው ችግር ቅጽል ሐረግ ከስም በሚቀድምበት ቋንቋ የሚገጥም ነው። ደንቡ ሥርዓቱ የሜምበሩን መጨረሻ የሚያውቀው በኮማ ያላለቀ መስመር ሲያገኝ ነው ይላል። «በኮማ የማያልቀው የመጀመሪያው መስመር የሜምበሩ መጨረሻ ነው» ብትሉ ግን አንባቢው ስለ መስመር 1 የምታወሩ ሊመስለው ይችላል። የማሽኑን ሥራ በቅደም ተከተሉ ብትተርኩት ይጠራል፦ «ሥርዓቱ መስመሮቹን ከላይ ወደ ታች ያነባል። በኮማ ያላለቀ መስመር ሲያገኝ እዚያ ያቆማል፤ ከዚያ በታች ያለውን አያነብም።» መሐል ላይ አንዲት ኮማ ቢረሱ ከታች ያሉት ፓራሜትሮች በሙሉ እንዳልተጻፉ የሚሆኑት ለዚህ ነው። «አያነብም» ያልኩት «ችላ ይላል» ቸልተኝነት ስለሚያስመስል ነው።

ስለ ዓምዶቹ ብዙ አያስቸግርም። መስመሩ 80 ዓምድ አለው፤ ፓራሜትር የሚጻፈው ከ1 እስከ 71 ነው፣ ከ72 እስከ 80 ያለው አይነበብም። «እስከ» ዳርቻውን ይጨምር አይጨምር ስለሚያከራክር «71ኛውን ዓምድ ጨምሮ» ብላችሁ ጨርሱት። ስለ ላቲኑ ካፒታል ስትጽፉም «ትልልቅ ፊደል» አትበሉ፤ ፊደላችን ይህ ልዩነት ስለሌለው የመጠን ትእዛዝ ይመስላል። «ካፒታል» ይበቃል።

ግሡን በተመለከተ፣ ጽሑፋችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ፓራሜትሮቹ በቅንፍ ይጻፉ» የሚለው ሲጠብቅ «ይጻፉልን» ዓይነት ምኞት ነው፣ ሲላላ ለአንባቢው የሚሰጥ የአክብሮት ትእዛዝ ነው፤ የሚጽፈው ማን እንደሆነ ይሸፈናል። ሰው ለሚሠራው «ያስገቡ»፣ «ይዝጉ» የመሳሰሉ አሻሚ ያልሆኑ ግሦችን ምረጡ፤ ማሽኑ ለሚያደርገው ደግሞ «ሥርዓቱ» የሚለውን ባለቤት ሁልጊዜ ጻፉ፣ አትዝለሉት።

የመጨረሻው ወጥመድ ቅጥያ ነው። «በ01» ወይም «00ን» ብላችሁ መስተዋድዱንና ተሳቢውን ከኮዱ ጋር አታጣብቁ፤ ገልባጩ የቱ የኮዱ፣ የቱ የአማርኛው እንደሆነ ይምታታበታል። «01 የሚለውን እሴት ያስገቡ» ሲባል ኮዱ ከፊትም ከኋላም ነፃ ይሆናል። ረዘም ያለ ምሳሌ ሲሆን ለብቻው መስመር ስጡት፣ ከኋላውም አራት ነጥብ አታኑሩ፤ ያለበለዚያ አንዱ ሰው ነጥቡን ጭምር ገልብጦ ያስገባዋል።