ጠይቁን፦ አባይ በረሃ ድረስ ልሂድ ወይስ ጊቤ ላይ ልቁም?

ጥያቄ። ሰላም ለእናንተ። የምኖረው ጅማ አጂፕ ሰፈር ነው፣ ዘንድሮ ክረምቱ ሲወጣ እማዬንና ሁለት ልጆቼን ይዤ ትልቅ ሸለቆ ከላይ ሆነን የምናይበት ቦታ መሄድ ፈልጌያለሁ። ቲክቶክ ላይ አባይ በረሃንና ደብረ ሊባኖስ ጋ ያለውን የፖርቹጋል ድልድይ አይቼ ልቤ እዛው ቀረ፣ ግን እማዬ ጉልበቷን ያማታል፣ ልጆቹም ገና 6 እና 9 ዓመታቸው ነው። ከጅማ ለዚ ብሎ መንገድ መውጣት ያዋጣል? የቱ ይሻለናል? (ሀ. ከአጂፕ)

መልስ። እህቴ፣ ሀሳብሽን በጣም ነው የወደድኩት፣ አብዛኞቻችን እናታችንን መኪና ላይ የምናሳፍራት ለለቅሶ፣ ለሰርግ ወይ ለሐኪም ነው፣ ለማየት ብቻ ብሎ ይዟት የሚወጣ ሰው ጥቂት ነው። ያዋጣል ወይ ላልሽው፣ በደንብ ያዋጣል። ግን አባይ ከመሄድሽ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ጊቤን አይተሽው ታውቂያለሽ? አልፈሽው ማለቴ አይደለም፣ አይተሽው። እኛ የጅማ ሰዎች አዲሳባ በሄድን ቁጥር እናቋርጠዋለን፣ ግን ሌሊት 11 ሰዓት መናኸሪያ ስለምንገኝ እዛ ስንደርስ እንቅልፍ ላይ ነን፣ መጋረጃው ተስቧል፣ ሰው የሚነቃው ሙቀቱ ሲያፍነው ነው፣ ያኔ "ኧረ መስኮት ክፈቱ" ይባላል፣ ትንሽ ቆይቶ ወልቂጤ ይደረሳል፣ አለቀ። ከሀገራችን ትልልቅ ሸለቆዎች አንዱ በራችን ላይ ሆኖ ሳናየው ማርጀታችን ያሳዝነኛል።

ስለዚ የኔ ምክር መጀመሪያ ጊቤ ነው። በሚኒባስ ኮንትራት ይዛችሁ በጠዋት ከወጣችሁ በሰርቦ፣ በአሰንዳቦ አድርጋችሁ ስታልፉ የግልገል ጊቤ ሰው ሰራሽ ሀይቅ ከአስፋልቱ ይታያችኋል፣ ልጆቹን እዛ ጋ ቀስቅሻቸው። ከዛ ሰኮሩ፣ ከዛ አበልቲ፣ አበልቲን አልፋችሁ መንገዱ ቁልቁል ሲጀምር ነው ሸለቆው አፉን የሚከፍተው። ከዚ እስከ ወንዙ ድልድይ በግምት 800 ሜትር ቁልቁለት ነው፣ በየመቶ ሜትሩ አየሩ ከግማሽ ዲግሪ ትንሽ በለጥ እያለ ስለሚሞቅ ላይ ሹራብ የለበሰ ልጅ ታች ሲደርስ በከነቴራ ይቀራል። ለሾፌሩ አስቀድመሽ ንገሪው፣ የሚቆመው ሰፋ ያለ የመንገድ ዳር ላይ ነው እንጂ ኩርባ ላይ በፍጹም አይደለም፣ ምክንያቱም የጫነ ተሳቢና ሲኖ ፍሬን እየያዘ ነው የሚወርደው፣ ድንገት ኩርባ ላይ የቆመ መኪና ቢያገኝ ማቆም አይችልም። ለእማዬ ደግሞ የጅማ በርጩማ ያዥላት፣ መቼም ከኛ ከተማ ሰው በርጩማ አይጠፋም፣ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ መነሳት ነው ጉልበት የሚገድለው፣ በርጩማ ካላት ግን ከመኪናው ሁለት እርምጃ ሳትርቅ እንደልቧ ታያለች።

ለትልቁ ልጅሽ ይሄን ንገሪው። ከተማችን መሀል የሚያልፈው አዌቱ ወደ ግልገል ጊቤ ይገባል፣ ግልገል ጊቤ ከድልድዩ ብዙ ወረድ ብሎ ትልቁን ጊቤ ይቀላቀላል፣ ጊቤ ከጎጀብ ሲገናኝ ኦሞ ይሆናል፣ ኦሞ ደግሞ ቱርካና ሀይቅ ገብቶ ያልቃል፣ ማለትም ጅማ ላይ የጣለ ዝናብ ባህር አይደርስም። ሸለቆው ጥልቅ መሆኑ ምን ይጠቅማል ካለሽም መልስ አለው፣ ከግልገል ጊቤ ግድብ የሚወጣው ውሃ ተራራ ስር በተቆፈረ 26 ኪሎ ሜትር በሚሆን ዋሻ ተወስዶ ወደዚሁ ሸለቆ ይወረወራል፣ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው ጊቤ 2 የሚባለው እሱ ነው፣ 420 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው በዚ ከፍታ ልዩነት ነው።

ታች ድልድዩ ጋ ብዙ አትቆዩ። ቆላ ነው፣ ወባ አለ፣ ስለዚ ከመምሸቱ በፊት ውጡ። የጊቤ ሸለቆ ገንዲ በሚባለው በሽታ ከብት የሚጨርሰው የቆላ ዝንብ የሚታወቅበትም ቦታ ነው፣ ዝንቡ ሰማያዊና ጥቁር ቀለም ይስበዋል፣ ስለዚ ልጆቹን ነጣ ያለ ልብስ አልብሻቸው።

አሁን ወደ ፖርቹጋል ድልድይ። እሱ ጉዞው በትንሹ ማደር ይጠይቃል፣ አንድ ቀን ጅማ አዲሳባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አዳር፣ በማግስቱ በጠዋት ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር አካባቢ። ለእናትሽ ከአባይ ይልቅ ይሄ ይሻላል፣ ምክንያቱም ገደሉ ደጋው ላይ ሆነሽ የምታይው ነው፣ ወደ ታች መውረድ አይጠበቅብሽም፣ እስከ ድልድዩ ያለችውን አጭር የእግር መንገድ እናትሽ ካልቻለች ከላይ ሆና ብትጠብቅም ቪው አያመልጣትም። ስሙ የፖርቹጋል ይባል እንጂ ድልድዩን ያሰሩት የአፄ ምኒልክ አጎት ራስ ዳርጌ ናቸው ነው የሚባለው፣ እኔ ግን ከድልድዩ በላይ ልጆቹ ጭላዳ የሚባለውን ዝንጀሮ እንዲያዩ ነው የምፈልገው። ጭላዳ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ውጪ በዱር የለም። መንጋው ሳር ላይ ዘፍ ብሎ ይቀመጥና በሁለት እጁ፣ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ፣ ሳሩን ነጭ ነጭ ያደርጋል፣ መዳፉ ሲሞላ አፉ ውስጥ ይከታል፣ ከዛ ሳይነሳ በቂጡ ተንሸራቶ ትንሽ ፈቀቅ ይልና እንደገና ይጀምራል፣ ወንዱ ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ቆዳ ከሩቅ ይታያል። ማታ ደግሞ ከጫፉ ወረድ ብሎ ገደሉ ላይ ነው የሚያድረው። ብስኩትና ሙዝ አትወርውሩለት እባካችሁ፣ የለመደ መንጋ ሰው እጅ ላይ ያለ ነገር መንጠቅ ይጀምራል፣ ትንንሽ ልጅ ላለው ደግሞ ይሄ ጥሩ አይደለም። ቦታው ከጅማ በጣም ከፍ ያለ ስለሆነ ነፋሱ ይበርዳል፣ ለእማዬ ጋቢ አትርሺ።

አባይ በረሃን ግን ለሌላ ጊዜ አቆዪው ነው የምልሽ። ከጎሐ ጽዮን ጫፍ እስከ ወንዙ ከ1,400 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው፣ ወንዙ ላይ በጃፓን እርዳታ የተሰራው የህዳሴ ድልድይ አለ፣ ከዛ ወደ ደጀን ያንኑ ያህል ዳገት፣ ኩርባው ማቆሚያ የለውም፣ መኪና የሚያስታውከው ልጅ ካለሽ ምንም ሳያይ ነው የሚመለሰው። ልጆቹ ትንሽ ሲያድጉ ግን ውሰጃቸው፣ ምክንያቱም መንገዱ ራሱ ትምህርት ነው፣ ላይ ያለው ጥቁር ድንጋይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ እሳተ ገሞራ ነው፣ እየወረድሽ ስትሄጂ ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ ይመጣል፣ እሱ ባህር እዚ ድረስ በነበረበት ዘመን የተነጠፈ ነው። ሙገርና ደርባ ሲሚንቶ ፋብሪካ የተተከለው ይሄው ድንጋይ እዛ አካባቢ ስላለ ነው።

ጊዜውን በተመለከተ ከመስቀል በኋላ እስከ ህዳር ድረስ ያለው ነው የሚመረጠው፣ ክረምት ላይ ጉም ይሸፍነዋል፣ የካቲት መጋቢት ደግሞ አቧራና ጭጋግ ማዶውን ይጋርደዋል። ወደ የትኛውም ብትሄዱ በዋዜማው መንገዱ ሰላም መሆኑን መናኸሪያ ሄዳችሁ ከሾፌሮች ጠይቁ፣ በዚ ጉዳይ ላይ ይሆናል ብሎ መነሳት ጥሩ አይደለም።

ጥያቄ። አሰላሙ አለይኩም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፣ ጊቤን በስልኬ አነሳዋለሁ ግን ፎቶው ላይ ሜዳ ነው የሚመስለው፣ ጥልቀቱ የት ይገባል? (ከቆጪ)

መልስ። ወአለይኩም ሰላም ወንድሜ። ጥፋቱ የስልኩ አይደለም፣ ሰዓቱ ነው። ቀን 6 ሰዓት ላይ ፀሐይ ከአናት ስለሆነች ጥላ የለም፣ ጥላ ከሌለ ደግሞ ገደሉና ሜዳው አንድ ነው የሚመስለው። ጠዋት ከ3 ሰዓት በፊት ወይ ከ10 ሰዓት በኋላ አንሳ። ደግሞ ሁሉንም ላስገባ ብለህ ካሜራውን 0.5 ላይ (ሰፊው ሌንስ ላይ) አታድርገው፣ ማዶውን ያሳንሰዋል፣ 2 እጥፍ ዙም አርገህ ከፊት ለፊት የሆነ ነገር አስገባ፣ ግራርም ይሁን በሬ የሚነዳ ሰው (ሰውየውን አስፈቅደህ)፣ ያኔ ዓይን የሚለካበት ነገር ያገኛል። ድልድይና ግድብ ላይ ጥበቃ አለ፣ ሳትጠይቅ እንዳታነሳ፣ ድሮን ደግሞ ያለ ፈቃድ አይቻልም።

ጥያቄ። ገደል አፋፍ ስቆም ያዞረኛል፣ ጓደኞቼ ይስቁብኛል። በሽታ ነው? (ፈረንጅ አራዳ)

መልስ። በሽታ አይደለም። ስንቆም ሰውነታችን ሳናውቀው ትንሽ ትንሽ ይወዛወዛል፣ ዓይናችን ቅርብ ያለ ነገር እያየ ያስተካክለዋል፣ አፋፍ ላይ ግን ቅርብ የሆነ ነገር ስለሌለ ማስተካከያው ይጠፋል። አንተ ጋ ጎልቶ መጣ እንጂ ሁሉም ሰው ላይ አለ። ቁጭ በል፣ እጅህን መሬት አስነካ፣ መጀመሪያ አጠገብህ ያለ ድንጋይ ወይ ቁጥቋጦ እይና ቀስ ብለህ ወደ ሩቅ ሂድ። ለጓደኞችህም ይሄን አሳያቸው፣ ዝናብ የጠገበ አፋፍ ከላይ ሳር ለብሶ ደህና ይመስላል እንጂ ከስሩ አፈሩ ታጥቦ ባዶ ሊሆን ይችላል፣ ሰልፊ ለመነሳት ጀርባቸውን ለገደሉ ሰጥተው ወደ ኋላ መራመዳቸውን ያቁሙ፣ ከጫፉ ቢያንስ ሦስት አራት እርምጃ ገባ ብለው ይቁሙ፣ ፎቶው ላይ ልዩነቱ አይታወቅም።